አይቶ ማለፍ

ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ከሩብ ላይ ፕሮግራሙ ሥራውን ጨርሶ ስክሪኑ ላይ አንዲት አረንጓዴ መስመር ጻፈ፦ «ስልሳ አንድ ሰው ተጠርቷል።» ክፍሉ ውስጥ የነበሩት ሠራተኞች መስመሯን አይተው ወደየሥራቸው ተመለሱ። እታለም ግን ዓይኗን ከስክሪኑ አላነሳችም። ራሷ የጻፈቻትን፣ ለማንም ያላሳየቻትን ትንሽ መቁጠሪያ ከፍታ አስነሳቻትና መልሱን ጠበቀች። አሥራ ዘጠኝ። መጠራት ሲገባቸው ያልተጠሩ አሥራ ዘጠኝ ሰዎች። ባለፈው ሰኞ አሥራ ሁለት፣ ከዚያ በፊት በነበረው ደግሞ ዘጠኝ ነበሩ። ስማቸውንና ስልካቸውን አተመች፤ ወረቀቱን ከቀደሙት ሁለት ወረቀቶች ጋር ደርባ መሳቢያዋ ውስጥ ከተተችና ቁልፉን አዞረች።

እታለም እናት አባቷ ያወጡላት ስም አይደለም። ታናሽ እህቷ አፏን ስትፈታ የጠራቻት የቁልምጫ ስም ነው። በዚህ የዓይን ሆስፒታል የኮምፒውተር ክፍል ለአሥራ ሦስት ዓመት ስትሠራ ሰው ሁሉ በማዕረግ ነበር የሚጠራት። ታናሺቱ እዚያው ከተቀጠረች ወዲህ ግን ኮሪደሩ ላይ «እታለም! እታለም!» እያለች ስትጣራ የሰማ ሁሉ ስሙን ተቀበላት፤ አሁን የበሩ ጥበቃ ሳይቀር እታለም ነው የሚላት። ታናሺቱ ደግሞ በቤትም በመሥሪያ ቤትም ሚጢጢ ናት። በክፍሉ ውስጥ ከወንዶቹ ሳይቀር በቁመት የምትበልጥ እሷ በመሆኗ፣ አዲስ ሰው ስሟን በሰማ ቁጥር መሳቁ አይቀርም፤ እሷም አብራ ትስቃለች።

ሙያውን ያስተማረቻት እታለም ናት። ሚጢጢ ገና ተማሪ ሳለች፣ ምግብ ጠረጴዛው ላይ ቆርኪ በሰልፍ ደርድራ፣ የልጅቷን ጣት ይዛ ከአንዱ ቆርኪ ወደ ሌላው ታስኬደው ነበር። ሰልፉን የያዘው ዕቃ ውስጡ እንዴት እንደተሠራ አትጠይቂ አለቻት፤ ሣጥን ይሁን ሰንሰለት ያንቺ ጉዳይ አይደለም። ጣትሽ ሁለት ነገር ብቻ ይወቅ፦ ቀጣዩ ማን ነው? አለቀ ወይስ አላለቀም? ይህን ጣት የሙያው ሰዎች ኢተሬተር እንደሚሉት ነገረቻት። ጣቱ እየሄደ ሳለ ከሰልፉ አንድ ቆርኪ ቢነሳ ምን እንደሚሆን ግን የዚያን ቀን አልደረሱበትም፤ ምሳ ቀርቦ ነበር።

ሆስፒታሉ ግላኮማ ያለባቸውን ሰዎች በተመዘገቡበት ተራ በረጅም ዝርዝር ይይዛል። ግላኮማ ክፉ በሽታ ነው፤ ሳያሳምም ከጎንና ከጎን ብርሃን ይሸርፋል፣ የወሰደውንም አይመልስም። ፕሮግራሙ በየሰኞው ዝርዝሩን አንድ በአንድ ያልፍና የምርመራ ውጤቱ የተሟላለትን ሰው ስልኩ ላይ መልእክት ልኮ ለሕክምና ይጠራዋል፤ የተጠራውን ከዝርዝሩ ያነሳዋል። የድሮውን ፕሮግራም የጻፈችው እታለም ነበረች። ቀርፋፋ ነበር፤ ዝርዝሩንም የሚያልፈው ከመጨረሻው ሰው ተነስቶ ወደ መጀመሪያው ነበር። የክፍሉ ሰዎች «የኋሊዮሹ» የሚል ስም አውጥተውለት ሲስቁበት ኖረዋል።

እሷ ግን ምክንያት ነበራት። በተቀጠረች በዓመቷ የጻፈችው የመጀመሪያው ፕሮግራም ወደ ፊት የሚሄድ ነበር። አንድ ሰው ተጠርቶ ሲነሳ ከኋላው ያሉት ሁሉ አንድ አንድ ቦታ ወደ ፊት ይጠጋሉ፤ ጣቱ ይህን ሳያውቅ ወደ ቀጣዩ ቦታ ይረግጣል፤ ከተነሳው ሰው ቀጥሎ የነበረው ሳይታይ ይታለፋል። ስህተት ነው ብሎ የሚጮኽ ነገር የለም። ሁሉም ሰላም ይመስላል። ያን ጊዜ ነገሩን የደረሰችበት አንዲት አሮጊት ነርስ ነበረች፤ ጆሮዋ ላይ ነግራት፣ ለማንም ሳትተነፍስ ጡረታ ወጣች። እታለም በር ዘግታ አስተካከለችው። ከኋላ ከተጀመረ የሚጠጉት ቀድሞ የታዩት ብቻ ስለሆኑ ማንም አይታለፍም። ለምን ወደ ኋላ እንደሚሄድ ግን አንዲት ቃል አልጻፈችም፤ ምክንያቱን መጻፍ ስህተቷን መጻፍ ነበር።

ከሁለት ወር በፊት ሚጢጢ ፕሮግራሙን እንደ አዲስ እንድትጽፍ ስትታዘዝ፣ ወንበሯን እየገፋች መጥታ ይህ ነገር ለምን ወደ ኋላ ይሄዳል ብላ ጠይቃት ነበር።

እታለም «እንዲያው ልማድ ነው» አለቻት።

ያችን ቃል ስትናገር ምን እንዳሰበች ራሷም አታውቅም። ከሳምንታት በኋላ ግን አዲሱ ፕሮግራም አይታ እንድታጸድቀው ጠረጴዛዋ ላይ ሲቀርብ፣ ስህተቱን ገና ከሩቅ፣ የሚያውቁትን ሰው ከአረማመዱ እንደሚለዩት ለየችው። ያን ጊዜ ልቧ የዘለለው በድንጋጤ ሳይሆን በደስታ ነበር። ይህን አልረሳችውም። ሚጢጢ ከትከሻዋ በላይ አጎንብሳ ያየሽው ጉድለት አለ ወይ ስትላት፣ «ዓይኔን ግንባር ያድርገው» ልትል አፏ ላይ ከደረሰ በኋላ ዋጠችው። በዚያ ሆስፒታል በዓይኑ የሚምል ሰው የለም። ዝም ብላ ፈረመች።

ቅናት ነው ብላ ስሙን ለራሷ አልጠራችውም። ወድቃ ትማር አለች። ሌሎቹ ያገኙታል አለች። እስቲ አንድ ቀን እንኳ ሰው ሚጢጢን አይቶ ግንባሩን ይቋጥር አለች። ከሁሉ ይልቅ ያንገበገባት ግን የእናታቸው ነገር ነበር። እናታቸው ለዓመታት «ለመሆኑ እዚያ ሆነሽ የምትሠሪው ምንድን ነው?» ስትላት ኖራለች፤ እሷም በየጊዜው ለማስረዳት ሞክራ፣ እናቲቱ እንዳልገባት እያየች ትታዋለች። ትናንት እሑድ ቤት ተሰብስበው ሳለ ግን እናታቸው ለጎረቤቷ አፏን ሞልታ ስታስረዳ ሰማች። ዓይናቸው የታመመ ሰዎችን በተራ እያየ የሚጠራ ነገር ነው፤ ሚጢጢ ናት የሠራችው፤ ነገ ሹመቷን ይነግሯታል። እታለምን ያን ሁሉ ዓመት ያቃታትን ሚጢጢ በአንዲት ዐረፍተ ነገር አስረድታት ነበር። እታለም ሳህኖቹን ሰብስባ ወደ ማጠቢያው ሄደችና የታጠበ ብርጭቆ ደግማ አጠበች።

ሹመቱ እውነት ነው። ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ዳይሬክተሩ የክፍሉን ሰዎች ሰብስበው ሚጢጢ ኃላፊ መሆኗን ሊናገሩ ነው።

አራት ሰዓት ሲሆን ከእንግዳ መቀበያው ስልክ ተደወለ። መስኮቱን አልለቅም ያሉ አንድ ሰው አሉ፣ ጉዳያቸው የጥሪ ስለሆነ ከክፍላችሁ አንድ ሰው ይምጣ ተባለ። ሚጢጢ ለስብሰባው ስትዘጋጅ ስለነበር እታለም ወረደች።

ሰውየው ወደ ሰባዎቹ የሚጠጉ፣ ኮታቸው የተተኮሰ፣ ጣቶቻቸው ቀጫጭን የሆኑ ሰዓት ሠሪ ነበሩ። የቀኝ ክንዳቸውን ትልቅ ሴት ልጃቸው ይዛለች። በዚያ በኩል ያለውን የበር መቃን ሳያዩት መግጨት ከጀመሩ ሳምንት እንዳለፋቸው ልጅቱ ነገረቻት። ሱቃቸውንም ከረቡዕ ወዲህ አልከፈቱም፤ ጠረጴዛው ላይ የወደቀች ብሎን እጃቸው አጠገብ ሆና ሲፈልጓት ቆይተው፣ መፍቻቸውን አስቀምጠው ወጡ።

«ልጄ፣ ጠብ ፈልጌ አልመጣሁም» አሉ ሰዓት ሠሪው። «አንድ ነገር አልገባኝ ብሎ ነው። የተመዘገብን ዕለት ወረፋው ላይ ከፊቴ አንዲት ሻይ ቤት ያላት ሴት ነበረች፤ ከኋላዬ ደግሞ አንድ ጡረታ የወጣ መምህር። ስልክ ተለዋወጥን። የሦስታችንም ውጤት በአንድ ቀን ነው የወጣው። ባለፈው ሰኞ እሷን ጠሯት፣ እሱንም ጠሩት። መሃል ላይ እኔ ብቻ ቀረሁ። ዛሬም ስልኬ ዝም አለ።»

እታለም «ሲስተም ነው» ልትል ነበር። ይህች ቃል በየቢሮው የማትዘጋው በር የለም። ነገር ግን ሰውየው ጠረጴዛ ላይ የተበተነች ሰዓት ይመስል ነገሩን አንድ በአንድ ደርድረው አስቀምጠውላት ስለነበር አላወጣ አላት። ክፍሏ ያሉት ሰዎች በሙሉ ለሦስት ሳምንት ያላዩትን እሳቸው በግማሽ ዓይን አይተውታል።

«ፕሮግራሙ ግን እየሠራ ነው፣ ሰዎች እየጠራ ነው» አለች በመጨረሻ፣ ለመከራከር ሳይሆን የምትለው ጠፍቷት።

«እሱ ነው እኮ» አሉ። «የቆመ ሰዓት አያስፈራኝም። መቆሙን ባለቤቱ ስለሚያውቅ ያመጣዋል። እኔን የሚያስፈራኝ እየሄደ የሚያሳስተው ነው።»

ወረፋውን አልፋ ራሷ ወደ ግላኮማ ሐኪሟ ክፍል አስገባቻቸው። ሐኪሟ ብዙ የማትናገር ሴት ናት። ሰዓት ሠሪውን ወንበሩ ላይ አስቀምጣ፣ ነጥቧ ስትበራ ምልክት እንዲሰጡ አድርጋ፣ መጀመሪያ የግራውን ከዚያ የቀኙን ዓይን ለካች። እታለም በሩ አጠገብ ቆማ ነጥቦቹ ሲበሩ ታያለች። በቀኝ በኩል ነጥቧ በራች፤ ሰውየው ዝም አሉ። እንደገና በራች። ዝም አሉ። ፊታቸው ላይ የሚጠብቅ ሰው ትዕግሥት ነበር፤ ነጥቧ ገና ያልበራች ነበር የመሰላቸው።

ሐኪሟ እታለምን ወደ ኮሪደሩ አወጣቻት። የግራው እንደነበረ ነው፣ የቀኙ ግን ጠብቧል አለቻት። ባለፈው ሳምንት ብናገኛቸው ብላ ጀምራ ተወችው፤ ይተርፍ ነበር ማለት አልችልም፣ ላይተርፍም ይችል ነበር አለች። ነገ ጠዋት ቀዶ ጥገና ይገባሉ። ከዚያ መነጽሯን አውልቃ ቀና ብላ አየቻት።

«እሳቸው ብቻ ናቸው?»

«አጣራለሁ» አለች እታለም። የመሳቢያው ቁልፍ ኪሷ ውስጥ ነበር።

ክፍሏ ተመልሳ ሦስቱን ወረቀቶች አወጣች። ከታለፉት ውስጥ አንዳንዶቹ በቀጣዩ ሳምንት ዕድል ቀንቷቸው ተጠርተዋል፤ እነሱን በእስክሪብቶ ሰረዘች። አሥራ ዘጠኝ ቀሩ። ሰዓት ሠሪውን ስትሰርዝ አሥራ ስምንት። ቁጥሩን ደጋግማ ቆጠረችው፣ በመቆጠሩ የሚያንስ ይመስል።

ከዚያ ሌላ ሐሳብ መጣባት፤ ሐሳቡም የሚጣፍጥ ነበር። ስድስት ሰዓት ሆኗል። ዘጠኝ ሰዓት ድረስ ብትጠብቅስ? ዳይሬክተሩ የሚጢጢን ስም ሊጠሩ ሲሉ እጇን ብታነሳ፣ የዛሬውን ወረቀት ብቻ ጠረጴዛው ላይ ብታስቀምጥ፣ «ዛሬ ጠዋት አንድ ታካሚ አነጋግሬ ነው የደረስኩበት» ብትልስ? ውሸት የለበትም፤ ወይም ያለበት ውሸት በጣም ትንሽ ነው። ሰዎቹ ይድናሉ። ስህተቱን ያገኘችው እሷ ትሆናለች። የሚጢጢ ፊት ሲለወጥ ደግሞ ከፊት ለፊት ተቀምጣ ታየዋለች። ንግግሩን ቃል በቃል አዘጋጀችው። የት ላይ ድምፅዋን ዝቅ እንደምታደርግ ሳይቀር አወቀች። ምሳ ሰዓት ላይ ሠራተኞቹ ክበብ ሲሄዱ አብራ ሄደች፤ ሾርባው ቀዝቅዞ ላዩ ላይ ቅባት እስኪጋገር ድረስ ወረቀቶቹን በቦርሳዋ ውስጥ እየዳበሰች ተቀመጠች። በግድግዳው ሰዓት ላይ ዓይኗ ሲያርፍ የሦስት ሰዓት ጥበቃ ለአንድ ሰው ዓይን ምን ያህል እንደሆነ ሐኪሟን አለመጠየቋ ትዝ አላት።

ስምንት ሰዓት ላይ ሚጢጢ ወዳለችበት ትንሽ ክፍል ገባች። ለምን ያኔ እንደገባች፣ ለምን አንድ ሰዓት እንዳልጠበቀች፣ በኋላ ራሷን ስትጠይቅ ጥርት ያለ መልስ አላገኘችም። ርኅራኄ ነው ብላ ራሷን እንዳታሞግስ የተዘጋጀው ንግግር እስከ በሩ ድረስ ምላሷ ላይ ነበር።

ሚጢጢ ጫማዋን አውልቃ ወንበር ላይ እግሯን አጥፋ ተቀምጣ ነበር። እታለምን ስታይ ፊቷ በራ። እታለም ሳትቀመጥ ወረቀቶቹን ኪቦርዱ ላይ አስቀመጠችና ከዝርዝሩ ሰው ሲነሳ ጣቱ ምን እንደሚያደርግ አስቢ አለቻት። ሌላ ማብራሪያ አላስፈለገም። ሚጢጢ ስክሪኑን አየች። እግሯን ከወንበሩ አወረደች።

«ስንት ናቸው?»

«ያልተጠሩት አሥራ ስምንት። አንዱን ጠዋት ሐኪሟ ጋ አስገብቻቸዋለሁ።»

ሚጢጢ አላለቀሰችም፣ አልጮኸችም። ፕሮግራሙን ከፍታ መጻፍ ጀመረች። እታለም ወደ ኋላ ታዞረዋለች ብላ ጠብቃ ነበር። ሚጢጢ ግን ጣቱን ወደ ፊት እንደሄደ ተወችው፤ የለወጠችው ሌላ ነገር ነበር። ጣቱ እየሄደ ሳለ ከዝርዝሩ ማንም እንዳይነሳ አደረገች። የተጠሩትን ወደ አንድ ወገን፣ የቀሩትን ወደ አዲስ ዝርዝር፤ አሮጌው ዝርዝር እስከ መጨረሻው ሳይነካ ይቆያል፤ ጣቱ ሲጨርስ አዲሱ ይተካዋል። አራት መስመር። ዕድሜ ልኩን ሊነበብ የሚችል፣ ንጹሕ አራት መስመር። እታለም ከአሥር ዓመት በላይ አንድም ቀን ያላሰበችው ነገር ነበር፤ ለእሷ መፍትሔው ሁልጊዜ ወደ ኋላ መሄድ ብቻ ነበር። በዚያ ሰዓት እንኳ፣ አሥራ ስምንት ሰው ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቶ እያለ፣ መስመሮቹ የእሷ ባለመሆናቸው ተቃጠለች። ያኔ ነው ስሙን ለራሷ የጠራችው፦ ቅናት።

ሚጢጢ ሙከራውን ሠርታ፣ ቁጥሩ ከወረቀቱ ጋር መግጠሙን አረጋግጣ፣ እጇን ከኪቦርዱ አነሳች። ከዚያ የላይኛውን ወረቀት ገልጣ ከሥር ያሉትን አየች። ሦስቱም ላይ ጥግ ላይ ቀን ታትሟል።

«መቼ ነው ያየሽው?»

እታለም በሩን ተደገፈች። «እንዳየው የሰጠሽኝ ዕለት።»

«ለምን ወደ ኋላ እንደሚሄድ ጠይቄሽ ነበር።»

«ጠይቀሽኛል።»

«ልማድ ነው አልሽኝ።»

«አዎ።»

ከውጭ የሰው ድምፅ ይሰማ ነበር፤ ሰዎች ወንበር ወደ ስብሰባው ክፍል እየጎተቱ ነው። ሚጢጢ አጎንብሳ ጫማዋን ስታደርግ ማሰሪያው እምቢ አላት። ሁለት ጊዜ ሞከረች። በልጅነቷ ይህን ጊዜ እግሯን ወደ እህቷ ትዘረጋ ነበር። እታለም አንድ እርምጃ ወደ ፊት አለች፤ ሚጢጢ ቀና ሳትል እግሯን ወደ ራሷ ሰበሰበችና በሦስተኛው አሰረችው። ወረቀቶቹን ይዛ እህቷን ሳትነካ በጠባቡ በር አልፋት ወጣች።

ስብሰባው ላይ ዳይሬክተሩ ንግግራቸውን ሳይጀምሩ ሚጢጢ እንድትናገር ጠየቀች። ባጭሩ ነው የተናገረችው። ፕሮግራሟ ለሦስት ሳምንት ሰዎችን ሲያልፍ እንደነበር፣ አሁን መስተካከሉን፣ አሥራ ስምንት ሰዎች ዛሬውኑ መጠራት እንዳለባቸው፣ ስህተቱም የእሷ መሆኑን ነገረቻቸው። የማንንም ስም አላነሳችም። ክፍሉ ጸጥ አለ። እታለም ለወራት የተመኘችው ጸጥታ ይህ ነበር፤ ሲመጣ ግን የተመኘችውን አይመስልም። እንዲያውም ሚጢጢ እዚያ ቆማ፣ ድምፅዋ ሳይርገበገብ፣ «ስህተቱ የእኔ ነው» ስትል፣ እታለም ይህንንም ቀናችባት። እሷ ከአሥር ዓመት በላይ በር ዘግታ የደበቀችውን ዓይነት ነገር ይህች ልጅ በአንድ ትንፋሽ ተናገረችው።

ዳይሬክተሩ መነጽራቸውን አስተካክለው፣ ይህ ነገር ከመለቀቁ በፊት ማን ነበር ያየው ብለው ጠየቁ። ሚጢጢ ወረቀቱን አየች። «ኃላፊነቱ የእኔ ነው» አለች እንደገና።

እታለም ተነሳች። ወንበሯ ወለሉን ሲፍቀው ሁሉም ዞሩ።

«እኔ ነኝ ያየሁት» አለች። «ሳላየው ቀርቼ አይደለም። አይቼ ነው ያለፍኩት።»

ከዚያ የተባለውን ብዙውን አልሰማችውም። ሹመቱ ለጊዜው እንዲቆይ ተወሰነ። እሷ ነገ ጠዋት ዳይሬክተሩ ቢሮ እንድትቀርብ፣ የሆነውንም በጽሑፍ ይዛ እንድትመጣ ተነገራት። ሐኪሟ ተጠርታ መጣችና ለአሥራ ስምንቱ ሰዎች ተጨማሪ ሁለት የሥራ ቀን እንደምትከፍት ተናገረች፤ ግን መልእክት ብቻ አይላክላቸው፣ በሰው ድምፅ ይጠሩ፣ ለምን እንደዘገየም ይነገራቸው አለች። ማን ይደውል ሲባል ሚጢጢ «እኔ» አለች። እታለምም በዚያው ቅጽበት ያንኑ ቃል አለች። ማንም አልሳቀም።

አሥር ሰዓት ላይ ሁለቱ እህትማማቾች በአንድ ጠረጴዛ ፊት ለፊት ተቀመጡ። በመካከላቸው ሁለት ስልክ አለ። ሚጢጢ ወረቀቱን አጥፋ በማስመሪያ ቀደደችውና ታችኛውን ግማሽ ገፋችላት፤ ዘጠኝ ስም ለአንዷ፣ ዘጠኝ ስም ለሌላዋ። እናታቸው ከቀትር ወዲህ አራት ጊዜ ደውላ ነበር፤ የደስታውን ወሬ ለመስማት። ሁለቱም አላነሱላትም።

ሚጢጢ የመጀመሪያዋን ሰው አግኝታ መናገር ጀምራለች፤ ድምፅዋ ዝቅ ያለ፣ የተረጋጋ ነው። «ይቅርታ ያድርጉልን» ስትል ተሰማ፤ ወዲያው ደግሞ «አዎ፣ የእኛ ጥፋት ነው።» እታለም የራሷን ወረቀት አየች። ከላይ ያለው ስም ከመጀመሪያው ሰኞ ጀምሮ የነበረ ነው፤ ሦስት ጊዜ አትማዋለች። ቁጥሩን መታች።

ስልኩ ረጅም ጠራ። ከዚያ የአንዲት ሴት ድምፅ ተሰማ፤ ከኋላዋ ውሃ የሚፈስበት ነገር አለ። እታለም የሰውየውን ስም ጠራች፣ ሊያነጋግሩኝ ይችላሉ ወይ አለች።

«አሉ፣ እዚሁ ናቸው። ስልክ ማንሳት ትተዋል፣ ቁጥሩ አይታየኝም እያሉ» አለች ሴቲቱ። ውሃው ቆመ። «ልስጣቸው። ማን ልበል?»

ከጠረጴዛው ማዶ ሚጢጢ የጨረሰችውን ስልክ አስቀምጣ ሁለተኛውን ቁጥር ልትመታ የነበረች ጣቷን ገታች። ራሷን አላነሳችም፤ ግን አልደወለችም።

«ሃሎ?» አለች ሴቲቱ። «ማን ልበል?»

እታለም ስልኩን በሁለት እጇ ይዛ አፏን ከፈተች።